የሚካው ጉድጓድና የእንደሻው ገመድ

እንደሻው ወደ ሚካው ጉድጓድ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል ነበር። ከሐረር ሸዋ በር በማለዳ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለምና ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ የድሬ ጠያራን መንገድ ይይዛል። ጉድጓዱ አፋፍ ሲደርስ በገመዱ ጫፍ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አስሮ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ድንጋዩ ውሃውን ሲነካ ድምፁ ከታች ይመጣል። ያን ጊዜ ገመዱን ከጉድጓዱ ከንፈር ትይዩ ቆንጥጦ ይይዝና እዚያው ላይ ብጣሽ ጨርቅ ይቋጥራል። ሌላ ሥራ የለውም። ገመዱን ጎትቶ፣ ጠምጥሞ፣ በመጣበት ይመለሳል።

በማሳው የሚሠሩ ገበሬዎች መጀመሪያ ስለት መስሏቸው ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ክርስቲያኑ ጂኒ ያጠምዳል ይል ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ነገሩን ለመዱትና “አባ ገመድ” የሚል ስም አወጡለት። እርሱም አልጠላውም። ከአባቱ የወረሰው መሬት አልነበረም፤ አባቱ ከሸዋ ከመጣው ሠራዊት ጋር ሐረር ገብቶ፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ሸዋ በር ላይ፣ አንዲት ጠባብ ቤት ሠርቶ ያለፈ ወታደር ነው። ስም ካወጡለት ስም ተቀበለ።

ጉድጓዱን የከፈተው ጣሊያን ነው፣ በ1930 ዓ.ም.። እዚያ ጋራ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ በጥፍር ሲነካ በቅጠል በቅጠሉ የሚላጥ ድንጋይ ነበረ። ሚካ ይሉታል። ቁልቁል ስድሳ ክንድ ቆፍረው ከታች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰረሰሩት። ድንጋዩ ግን ያለቅስ ነበር። ከየስንጥቁ ውሃ እየወጣ ሠራተኛውን እስከ ጉልበቱ ስላጠለቀው ፓምፕ አመጡ። እንደሻው የፓምፑ ሰው ሆነ። ሞተሩን ያስነሣል፣ ቱቦውን ይጠብቃል፣ ውሃው በምዕራብ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ሲደፋ ቆሞ ያያል። ሥራውን ይወደው ነበር። ሞተሩ ሳል ሲጀምረው ከቤቱ ሆኖ እንኳ ይሰማው ነበር።

ቤቱ ያን ጊዜ ከጋራው ወዲያ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው መንደር ነው። ከዑመር ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ ከበለጡና ከልጁ ከጽጌሬዳ ጋር ይኖራል። ዑመር ያኔ ገና ሼህ አልተባለም፤ ኪታብ የሚቀራ፣ ጫት የሚተክል ጎልማሳ ነበር። ከመንደሩ ግርጌ፣ አንድ ዋንዛ ሥር፣ ሁሉም የሚቀዳበት ምንጭ አለ።

ፓምፑ በሠራ በሁለተኛው ዓመት ምንጩ ቀጠነ። ከዚያ ተንጠባጠበ፤ ከዚያ ደረቀ። ሰው ድርቅ ነው አለ፣ ኃጢአት ነው አለ፣ ዱዓ አደረገ። የፓምፑን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም፣ እንደሻው ራሱም ጭምር። ጉድጓዱ ከጋራው ወዲህ ነው፣ ምንጩ ወዲያ ነው፤ በመካከል ያለው ደግሞ ድፍን ድንጋይ ነው። ውሃ ጋራ አይዘልም። ሴቶቹ ከብቱ ከሚጠጣበት ኩሬ መቅዳት ጀመሩ። በግንቦት 1932 የመንደሩ ልጆች በተቅማጥ ወደቁ። የዑመር የወንድም ልጅ ተረፈ። ጽጌሬዳ አልተረፈችም። አራት ዓመቷ ነበር።

በለጡ ልጇ ከተቀበረች በኋላ ሳምንት እንኳ እዚያ አላደረችም። ወደ ሸዋ በር ተመለሱ። ያን መንደር ዳግመኛ አልረገጠችም፤ ስሙንም አታነሣም።

በመጋቢት 1933 ጣሊያን ለቀቀ። ሞተሩ እንደቆመ ቀረ። የሚያስነሣው ጠፋ፤ ቆይቶም ብረቱን እየፈታ የወሰደው ወሰደው። ፓምፑ ከቆመ በስምንተኛው ወር፣ በደረቁ ኅዳር፣ ዑመር ከገበያ ሲመለስ ሸዋ በር ላይ እንደሻውን አገኘውና፣ “የዋንዛው ምንጭ ተመለሰ እኮ፤ አልሐምዱሊላህ” አለው።

“ዘነበ እንዴ እዚያ?”

“ኧረ ጠብታ የለም። ዝም ብሎ ተመለሰ።”

እንደሻው የያዘውን አካፋ መሬት ላይ አቆመው። ወደ ቤቱ ገብቶ ለበለጡ አንዴ ብቻ ነገራት። “ያ ውሃ የልጃችን ነበር። በገዛ እጄ ወደ ሜዳ ስደፋው ነው የከረምኩት” አላት። በማግስቱ ሚካኤል ነበር። ገመድ ገዝቶ ሲመጣ፣ በለጡ ምን ሊሠራበት እንደሆነ ስትሰማ፣ ከአሮጌ ቀሚሷ ጠርዝ ብጣሽ ቀድዳ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳይጠይቃት ትቀድድለታለች።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ከድንጋዩ በላይ አርባ አንድ ክንድ ላይ ነው። ውሃው ያን ያህል ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። በየዓመቱ ውሃው ሲወጣ ቋጠሮው ወደ ድንጋዩ ይቀርባል፦ ሠላሳ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ሦስት። ይህን የሚለካበት ምክንያት አጭር ነው። ለማያውቀው ነገር አንዴ ከፍሏል፤ ሳያውቅ ሁለተኛ መክፈል አልፈለገም። ይኸው ነው።

እንጀራውን የሚያገኘው በጉድጓድ ቁፋሮ ሆነ። ከግንቡ ውስጥም ከውጪም ያልወረደበት ግቢ ጥቂት ነው። ድንጋይ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ቅዝቃዜውን አዳምጦ፣ “ከዚህ ውሃ አለ፣ ከዚህ የለም” ይል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። በ1938 የጥንት አከራዩ፣ አሁን የመንደሩ መስጊድ ኢማም የሆኑት ሼህ ዑመር አስጠሩት። መስጊዱ ከምንጩ በላይ፣ ከጋራው ጥግ ስለሆነ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ውሃ መሸከም ሽማግሌዎቹን አድክሟል። እንደሻው አሥራ ስምንት ክንድ ወርዶ፣ ድንጋዩን በመዶሻና በመሮ ፈልፍሎ፣ አንድ ስንጥቅ አገኘ። ውሃው ጥቂት ነበር፤ ለውዱእ ግን ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ የጉድጓዱ ውሃ በድንገት ሁለት ክንድ ከፍ አለ። ሼህ ዑመር፣ “እጅህ በረካ አለው” ብለው ግንባሩን ሳሙት። እንደሻው ምስጋናውን ወሰደ። ለምን ከፍ አለ ብሎ አልጠየቀም።

እንዲህ እያለ 1951 ደረሰ።

በዚያ ዓመት ሸዋ በር ላይ አቶ ለገሠ የሚባል ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ገዛ። ለገሠ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። ከተማው ተጨናንቋል፤ ሆቴሉም፣ ሠፈሩም፣ ጠጅ ቤቱም እርሱን ይጠራል። የመጠጠውን የሚደፋበት ቦታ ሲፈልግ የሚካው ጉድጓድ ታየው። የመሬቱ ባለቤት ግራዝማች አባይነህ፣ “ማንም አይጠቀምበት፣ ድፋበት” አሉት። እንደሻው ይህን የሰማው ከሰው ወሬ ነው፤ በዚያኑ ዕለት ለገሠን ከጋራዥ ደጃፍ ከሰዎች ጋር ቆሞ አገኘው።

“አቶ ለገሠ፣ እዚያ ጉድጓድ አይደፋ።”

“ለምን? ጂኒዎችህ እንዳይሸታቸው ነው አባ ገመድ?” አለ ለገሠ። የቆሙት ሳቁ።

“ውሃው ወደ ወዲያኛው መንደር ነው የሚሄድ።”

“ጋራውን ወጥቶ? በምን፣ በበቅሎ?”

“በድንጋዩ ውስጥ።”

ለገሠ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም። “ስማኝ እንደሻው” አለ፤ “ከተማው ያን ነገር ያመርታል፤ እኔ አላመረትኩትም። የት ልውሰደው? ጀርባዬ ላይ? አንተ ድንጋይ ውስጥ መንገድ አለ ትላለህ፤ እኔ የማየው ጋራ ነው። በዓይኔ አሳየኝና እተወዋለሁ። የመኪናው ጋን ተሰንጥቆ ብየዳ ገብቷል። እስከ ሰኔ ስምንት ጋራዥ ነው። በዘጠኝ ከወጣ ግን አልጠብቅህም።”

“በዓይንህ ካየህ ትተዋለህ?”

“በእናቴ።”

እንደሻው ሌሊቱን አልተኛም ቢባል ውሸት ነው፤ ተኝቶ ነበር። ሲነጋ ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። በጀጎል ውስጥ፣ በአቦከር በኩል፣ አንድ ጊዜ ጉድጓዷን የጠረገላት ስፌት ሰፊ አለች፤ መርየም ትባላለች። ግድግዳዋ ላይ የሰቀለቻቸው ስፌቶች ሰው ቆሞ እንዲያይ ያስገድዳሉ። ቀለም ማን ያውቃል ቢባል እርሷ ታውቃለች።

“ቀለም ፈልጌ ነው የመጣሁ፣ እመት መርየም።”

“አንተ? ምን ልትሰፋ ነው?”

“ጉድጓድ ልነክር።”

መርየም አለላዋን አስቀምጣ ሁሉንም እስኪነግራት ሰማችው። ሲጨርስ ራሷን ነቀነቀች። “ለአንድ ሳፋ ሣር አንድ ማንኪያ ይበቃል። ለጋራ ስንት ማንኪያ እንደሆነ እናቴ አላስተማረችኝም” አለች። ተነሥታ ከጓዳ በጣሳ በጣሳ አወጣችለት። ከጎረቤቶቿም ለምና ጨመረች። እርሱ ቢጫውን ሲያነሣ እጁን መለሰችው። “ቢጫ ቢወጣ ዝገት ነው ይሉሃል። አረንጓዴ ቢወጣ አረንቋ ነው ይሉሃል። ቀይ ውሰድ። ቀይን የሚክድ የለም።”

በር ላይ ደርሶ ሳለ ጠራችው። “ግን የውዱእ ውሃ ላይ እንዳይደርስ። ቀለም የለወጠው ውሃ አያጠራም። አረፋ ደግሞ ደርሷል። ሼህ ዑመርን ሳትጠይቅ እንዳትደፋ።”

ሼህ ዑመር ጺማቸው ነጥቶ፣ ከመስጊዱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው አዛን የሚያሰማው ሙአዚኑ አሕመድ አለ፤ ቀጭን፣ ነገር የማያመልጠው፣ ለነጭ ልብሱ የሚሳሳ ሰው ነው። እንደሻው የለገሠንና የቀለሙን ነገር ሲነግራቸው ሼሁ ጽጌሬዳን ሳይጠሩ አስታወሷት፤ ዓይናቸው ወደ ዋንዛው ሄዶ ተመለሰ።

“ምንጩ ለጥቂት ቀን ቢቀላ ሴቶቹ ይታገሡታል” አሉ። “ይህ ጉድጓድስ? ለአረፋ ከየመንደሩ ሰው ይመጣል። ቀለም ገባበት ማለት ውዱእ የለም ማለት ነው።”

“እዚህ አይደርስም፣ ሼህ ዑመር። የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ስንጥቁን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሚያይ፤ ጀርባውን ለሚካው ሰጥቷል። የዚህ ውሃ ከወዲያ በኩል ነው የሚመጣ። አንዲት ጠብታ እንኳ አትደርስም፤ በሚካኤል።”

“ኢንሻአላህ በል።”

“ይህን እንኳ አውቀዋለሁ።”

“በእናንተም ቢሆን ‘እግዚአብሔር ቢፈቅድ’ ይባላል መሰለኝ” አሉ ሼሁ፣ ፈገግ ብለው። አሕመድ ግን አልፈገገም። “መሐላውን ሰምቻለሁ” አለ።

ግንቦት አሥራ ስምንት ቀን እንደሻው ቀለሙን በበርሜል በጥብጦ ወደ ሚካው ጉድጓድ ገለበጠው። ከታች ያለው ጥቁር ውሃ አንዴ ተንቦጫርቆ ዝም አለ። ከዚያ ጋራውን ዞሮ ወረደና ከዋንዛው ሥር ተቀመጠ። ከቤቱ ያመጣው ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ነበረው። በየሰዓቱ ከምንጩ ይቀዳበታል፣ ዘንበል አድርጎ ያየዋል፣ ይደፋዋል።

ሦስት ቀን ብሎ ነበር ያሰበው። ሦስት ቀን አለፈ። ሳምንት አለፈ። ልብስ አጣቢዎቹ፣ “አባ ገመድ፣ ሳህኑ ላይ ምን ልታበስል ነው?” እያሉ ያልፋሉ። በአሥረኛው ቀን ለገሠ ራሱ በእግሩ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ጨዋታ ይወድ ስለነበር መምጣቱ እንኳ ለጨዋታ ብሎ ነው።

“ሙሽራዋ መጣች?”

“ገና ናት።”

“መንገድ ላይ ሌላ አግብታ እንዳይሆን” አለና ከምንጩ ጠጥቶ፣ “ውሃው ግን ጥሩ ነው” ብሎ ተመለሰ። ያ ቃል እንደሻውን ከቀልዱ ይልቅ ወጋው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ አራት፣ ገመዱን ይዞ መጣ። ለምን እንዳመጣው አያውቅም፤ እጁን የሚያስይዘው ነገር ፈልጎ ይሆናል። ዋንዛው ላይ ተደግፎ ቋጠሮዎቹን እንደ መቁጠሪያ በጣቱ ያሳልፋቸው ጀመር። አሥራ ስምንት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ተራርቀው ይወርዳሉ፦ አርባ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ እያለ እስከ ዘጠኝ። የቀሩት አሥራ አንዱ ሁሉ ዘጠኝ ክንድ ላይ እርስ በርሳቸው ተደራርበው አንድ የጨርቅ እብጠት ሆነዋል። በየዓመቱ በዚያ እብጠት ላይ አንድ ሲጨምር ኖሯል፤ ውሃው ሞልቶ ቆመ ብሎ ነበር የሚያስበው። ግን አልሞላም እኮ፤ እስከ አፉ ገና ዘጠኝ ክንድ አለ። ዝናቡ በየዓመቱ ይገባበታል፤ ድንጋዩ በየቀኑ ያለቅስበታል። የሚገባ እያለው ለምን ከዘጠኝ አልፎ አልወጣም? የሚገባ ውሃ የሚቆመው የሚወጣበት በር ሲያገኝ ብቻ ነው።

በሩን ያገኘው በሰባተኛው ቋጠሮ ነው። ሰባተኛው የየትኛው ዓመት ነው? በጣቱ ቆጠረ። የ1940።

ጣቱ ቋጠሮው ላይ ቀረ። የመስጊዱ ጉድጓድ ሁለት ክንድ ከፍ ያለው፣ ሼህ ዑመር ግንባሩን የሳሙት በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን በገመዱ፣ አንዱን በግንባሩ ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል። ስንጥቁ ወደ ፀሐይ መውጫ ቢያይስ? ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ከምዕራብ መምጣት ይችላል። ድንጋይ ውስጥ ያለ መንገድ ወዴት እንደሚታጠፍ እጁን ያስገባ ሁሉ አያውቀውም። ቀለሙን ከላይ ነው የገለበጠው፤ የላዩ ውሃ ደግሞ ወደ መስጊዱ የሚወስደውን የላዩን በር ነው የሚይዘው። ምንጩ ላይ አሥራ ስድስት ቀን የጠበቀው ከታችኛው በር የማትወጣዋን ሙሽራ ነው።

ለገሠ በዓይኑ ያያል ማለት ነው። መሐላውም ፈርሷል ማለት ነው።

ዝም ብሎ ቢጠብቅ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ እርሱም “አላወቅኩም” ሊል ይችላል። ይህ አሳብ መጣበት፤ አልመጣበትም ማለት አይቻልም። ግን ሳያውቅ ማድረግና እያወቀ ዝም ማለት አንድ እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ገመዱን ጠምጥሞ ሽቅብ ወደ መስጊዱ ወጣ። የዐሥር ሶላት ገና አልቆ ሰው እየወጣ ነበር።

“ሼህ ዑመር፣ ተሳስቻለሁ። ቀለሙ ወደ እርስዎ ጉድጓድ ነው የሚመጣ። ዛሬ ይሁን ነገ አላውቅም። ያላችሁን ጋን ሁሉ አሁን ሙሉት።”

ሼሁ ከገመዱ ወደ ፊቱ ቀና አሉ። “ምለህልኝ ነበር።”

“ምያለሁ።”

“በመልአክ ስም።”

“አዎን።”

“አንዴ አይደርስም ትላለህ፣ አንዴ ይደርሳል ትላለህ” አለ አሕመድ። “ወላሂ ውሃው ራሱ ካንተ ይሻላል፤ እርሱ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ።”

ሼህ ዑመር ጋኖቹ ይሞሉ አሉ። ተሞሉም። አሕመድ ግን በእልህ አንድም ቀን ከልማዱ ፈቀቅ አላለም። ሰኔ ሰባት፣ ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ነጩን የበዓል ጀለቢያውን ከጉድጓዱ በቀዳው ውሃ ዘፍዝፎ ቁርሱን ሊበላ ገባ። ሲመለስ ውሃውም ጀለቢያውም የጽጌሬዳ አበባ መስለው ጠበቁት።

ጩኸቱን ሰምቶ ከመጣው ሰው መካከል አንዲት ሴት ሳቋን በእጇ አፈነች፤ ከዚያ ማንም ማንንም መግታት አልቻለም። ያልሳቁት ሦስት ናቸው፦ አሕመድ፣ ሼሁና እንደሻው። እንደሻው ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ጥሎ ጎተተ፤ በነጩ ሳህን ላይ ገለበጠው። ቀይን የሚክድ የለም።

“የለገሠ ቀጠሮ ነገ ነው” አለ፣ ወደ ሼሁ ሳይመለከት። “እኔን አያምነኝም። የሚያምነው እርስዎን ነው። ልለምንዎ ፊት የለኝም፤ ግን ልለምንዎ ነው የመጣሁ።”

ሼህ ዑመር በትራቸውን ይዘው ተነሡ። “ያየውን መመስከር ግዴታ ነው” አሉ። “ያንተን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን። አሕመድ፣ ያን ልብስ ልበሰው።”

“እርጥቡን? ይህን ቀለም? ከተማ?”

“በዓይኔ አሳዩኝ ብሏል አይደል? ይየው።”

እንዲህ ሆኖ በሰኔ ስምንት ረፋድ ላይ ሸዋ በር ገበያ የቆመ ሰው ሁሉ ሦስት ሰዎች ሲመጡ አየ። አንድ ሽማግሌ በትር ይዘው ከፊት፣ አንድ ቆፋሪ ሳህንና ጠርሙስ ይዞ ከኋላ፣ በመካከላቸው የቀላ ጀለቢያ የለበሰ፣ ማንንም የማያይ ሙአዚን። ለገሠ ከጋራዡ ደጃፍ ሆኖ አያቸው። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ሼሁን ሲያይ ዘጋው።

“ከሚካው ጉድጓድ የተደፋ ቀለም ከመስጊዳችን ጉድጓድ ወጣ” አሉ ሼህ ዑመር። “በአላህ ፊት እመሰክራለሁ። ልብሱ ይኸው። ውሃው ይኸው።”

ለገሠ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየ። የአሕመድን እጅጌ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ፤ አሕመድ መነጨቀው። “ምንጩ ግን ንጹሕ ነበር፤ እኔም ጠጥቻለሁ” አለ ለገሠ፣ ለመጨረሻ ያህል።

“ቀለም ይንሳፈፋል፤ የላይኛውን በር ያዘ” አለ እንደሻው። “ያንተ ጭነት ግን ይሰጥማል። እርሱ የታችኛውን በር ነው የሚይዝ፤ የታችኛው በር ደግሞ አንተ የጠጣህበት ምንጭ ነው።”

ለገሠ ጠርሙሱን መለሰለት። “በእናቴ ብያለሁ” አለ፤ ቀጥሎም፣ “ታዲያ የት ልውሰደው?” ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው አሁን የእውነት ነበር። እንደሻው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ከከተማው በታች፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ዝናብ እንኳ ሳምንት የሚተኛበት ጥቁር መረሬ መሬት ያውቃል። ጉድጓዱን እኔው እቆፍርልሃለሁ አለው፤ ቆፈረለትም።

ይህ ግን በኋላ ነው። በዚያን ቀን ከለገሠ ዘንድ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ፣ እንደሻው ቆመና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓዱ እስኪጠራ ድረስ የውዱእ ውሃ ከምንጩ እኔ አመላልሳለሁ” አለ።

“አህያ አለህ?” አሉ ሼሁ።

“የለኝም።”

“የእኔን ትወስዳለህ። ግትር ናት፤ ትስማማላችሁ።”

የአረፋ ዕለት ከየመንደሩ የመጣ ሰው ሁሉ ክርስቲያኑ በጣኒካ ባመላለሰው ውሃ ውዱእ አደረገ። ከዚያም በኋላ በየቀኑ፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በፊት የሚበቃውን በዋዜማው ሞልቶ፣ ከዋንዛው እስከ መስጊዱ ያለውን አቀበት ከአህያዋ ጋር ይወጣ ነበር። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ በጭነቱ ላይ እየወረደበት ውሃ ሲሸከም ያዩት ሴቶች፣ “ከሰማይ እየመጣልህ ምን ታደርጋለህ?” ይሉት ነበር። “ስለ ሰማዩ አልማልኩም” ይላቸዋል።

በሐምሌ አሥራ ሁለት፣ በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ በለጡ አብራው ተነሣች። የት ትሄጃለሽ አላላትም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሸዋ በር በኩል አልፋ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠችውን መንገድ ከኋላው ሆና ሄደች። መንደሩ ሲደርሱ አህያዋን ሊጭን ወደ ምንጩ ወረደ፤ እርሷም ወረደች። ዋንዛው በጣም ገዝፎ ነበር። ከላይ የአሕመድ ድምፅ ተሰማ፦ “አባ ገመድ! ተወው፣ አትጫን! ጠርቷል!” ሼህ ዑመር ነጩን ሳህን በእጃቸው ይዘው ከመስጊዱ ጥግ ቆመው ነበር፤ ወደታች ዘንበል አድርገው አሳዩት።

በለጡ ወደዚያ አላየችም። ጎንበስ ብላ ከምንጩ በእፍኟ ቀዳችና ጠጣች። ቀና ብላ አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

“ቀዝቃዛ ነው” አለች።

ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ሁለት ገመድ ይወርድ ነበር፤ አንዱ በሚካው፣ አንዱ በመስጊዱ። የመስጊዱን ሼህ ዑመር እስኪሞቱ ድረስ ራሳቸው ለኩ፤ ከእርሳቸው በኋላ አሕመድ ተረከበው። የቀላው ጀለቢያ ቀለሙን ጨርሶ አልለቀቀም፤ አሕመድም ከመጣል ይልቅ ለእርሻ ለበሰው።

በኅዳር 1966 የእንደሻው ጉልበት አቀበቱን እምቢ አለ። በተከራየው በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ በለጡ ልጓሙን ይዛ፣ እስከ አፋፉ ደረሱ። ገመዱን ያወረደው አሕመድ ነው። ሽማግሌው ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ አዘነበለ። ከታች ድምፁ መጣ።

“ዘጠኝ” አለ አሕመድ፣ እብጠቱን በጣቱ ነክቶ። “ያው ነው። ከአምናውም ያው ነው።”

“አውጥተህ እንደገና ለካ።”

“ያው ነው እልሃለሁ።”

“እኔም አንዴ ‘አውቀዋለሁ’ ብዬ ነበር” አለ እንደሻው። “ለካ።”

አሕመድ እያጉረመረመ ገመዱን ጎተተና እንደገና ለቀቀው። በለጡ ከቀሚሷ ጠርዝ ብጣሽ ቀድዳ፣ በእጇ ይዛ ጠበቀች።